የቆሻሻ ዲጂታል ምዝገባ በብሪታኒያ፦ አነስተኛ ድርጅቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእንግሊዝ፣ በዌልስና በሰሜን አየርላንድ ፈቃድ ያላቸው የቆሻሻ መቀበያ ጣቢያዎች ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ የሚረከቡትን ጭነት በመንግሥት ዲጂታል መዝገብ የማስገባት ግዴታ አለባቸው። ስኮትላንድ በጃንዋሪ 2027 ትከተላለች፤ የአጓጓዦች ተራ ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔን አይመለከተኝም» ማለት

ሬስቶራንት፣ ሱቅ ወይም ጋራዥ ያለው ሰው መዝገቡን የሚሞላው ጣቢያው ስለሆነ ጉዳዩን ሊተወው ይችላል። ነገር ግን መረጃው የሚነሳው ቆሻሻው ከወጣበት በር ነው። እዚያ የተሳሳተ ነገር ከተጻፈ ስህተቱ ከጭነቱ ጋር አብሮ ይጓዛል። ቆሻሻውን በትክክል የመግለጽ ግዴታ ደግሞ ከ1990ው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ጀምሮ የአምራቹ፣ ማለትም ቆሻሻው የወጣበት ድርጅት ነው።

የመለያ ቁጥሩን በግምት መሙላት

ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። እያንዳንዱ የቆሻሻ ዓይነት በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚጻፍ ባለ6 አሃዝ ቁጥር አለው፤ ኮከብ (*) ካለበት አደገኛ ነው ማለት ነው። ጋራዥን እንውሰድ። ክሎሪን የሌለው የተቃጠለ ማዕድናዊ የሞተር ዘይት 13 02 05*፣ የዘይት ፊልትሮ 16 01 07*፣ የፍሬን ዘይት 16 01 13*፣ የሊድ ባትሪ 16 06 01* ነው። እነዚህን ከተራ ቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ 20 03 01 (የተቀላቀለ የማዘጋጃ ቤት ቆሻሻ) ብሎ መላክ ክልክል ነው።

የሚያሳስቱት መንታ ቁጥር ያላቸው ናቸው። ዘይት የጠጣ መወልወያ ጨርቅ 15 02 02* ሲሆን በአደገኛ ነገር ያልተበከለው 15 02 03 ነው። የራዲያተር ኩላንትም 16 01 14* ወይም 16 01 15 ሊሆን ይችላል። ለመወሰን ከምርቱ ጋር የሚመጣውን የደኅንነት መግለጫ ያንብቡ፤ ከዘይት ወይም ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ እንደሆነም ያጣሩ።

ወጥ ቤት ላይ የመጥበሻ ዘይት 20 01 25፣ የምግብ ተረፈ 20 01 08 ነው። በእንግሊዝ በሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ስሌት 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከማርች 31 ቀን 2025 ጀምሮ የምግብ ተረፈውን ለብቻ መለየት አለበት፤ ከዚያ ያነሱት እስከ ማርች 31 ቀን 2027 ጊዜ አላቸው። ግዴታው ያለበት ሬስቶራንት ዓመቱን ሙሉ 20 03 01 ብቻ ካስመዘገበ፣ ተረፈውን እንዳልለየ የገዛ ሰነዱ ይመሰክርበታል።

ሊትርን እንደ ኪሎ መጻፍ

205 ሊትር የሚይዝ በርሜል በተቃጠለ ዘይት ቢሞላ ዘይቱ የሚመዝነው 180 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዘይት ከውሃ ይቀላልና። ባዶው የብረት በርሜል ደግሞ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። «205 ኪሎ» ብለው ከላኩ ጣቢያው የሚመዝነው ከእርስዎ ሰነድ ጋር አይገጥምም። የጻፉት የዘይቱን ብቻ ይሁን ከነበርሜሉ፣ የተመዘነ ይሁን የተገመተ፣ በሰነዱ ላይ ይለዩ።

የአጓጓዡን ፈቃድ በቃል ማመን

ርካሽ ዋጋ ጠርቶ በቫን የሚመጣ ሰው ቆሻሻውን መንገድ ዳር ቢደፋው፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ያላደረገው ባለቤትም ይጠየቃል። የምዝገባ ቁጥሩን ይቀበሉ፣ በእንግሊዝ ከሆኑ በአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው (Environment Agency) የሕዝብ መዝገብ ላይ ስሙንና የሚያበቃበትን ቀን ያመሳክሩ፣ ያዩትን ገጽ ከነቀኑ ያስቀምጡ። የከፍተኛው ደረጃ ምዝገባ (የሌሎችን ቆሻሻ በሥራነት የሚያጓጉዙ የሚመዘገቡበት) የሚያገለግለው 3 ዓመት ስለሆነ አምና ያዩት ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። ጭነቱ የሚወርድበትን ጣቢያም በስም ይጠይቁ።

ወረቀቱን ቀድሞ መጣል

ጣቢያው ዲጂታል መሆኑ የእርስዎን ፋይል አይተካም። በእንግሊዝ የተራ ቆሻሻ ርክክብ ሰነድ 2 ዓመት፣ የአደገኛ ቆሻሻ ሰነድ 3 ዓመት ይቀመጣል። በአንድ የተራ ቆሻሻ ሰነድ ተደጋጋሚ ጭነት የሚያስወጡ ከሆነ ጣሪያው 12 ወር ነው፤ ያውም የቆሻሻው ዓይነት፣ ሰጪውና ተቀባዩ ካልተቀየሩ ብቻ። አጓጓዥ ቀይረው በአሮጌው ሰነድ መቀጠል አይቻልም።

ከጣቢያው የሚመጣውን ምላሽ ሳያዩ ማለፍ

አደገኛ ቆሻሻ የተረከበ ጣቢያ፣ ሩብ ዓመቱ ባለቀ በ1 ወር ውስጥ ምን እንደተቀበለና ምን እንዳደረገው ለአምራቹ ያሳውቃል። ሲደርስዎ ቁጥሩን፣ መጠኑንና ቀኑን ከራስዎ ቅጂ ጋር ያስተያዩ። ካልመጣ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መጠየቅዎን የሚያሳየውን ደብዳቤም ከሰነዱ ጋር ያያይዙት።