«ልብ ስጠው»ም ክስ ሊሆን ይችላል፦ ለጠላት ስንጸልይ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ሳሉ ሌባውን እንደሚያጋልጠው ሁሉ፣ ጌታ ስለሚያሳድዱን እንድንጸልይ ባዘዘን ጊዜ (ማቴዎስ 5፥44) ቂማችንም ከጸሎቱ መሐል ብቅ ይላል።

ብዙዎቻችን የምንወድቅበት፣ ጸሎቱን ክስ ማድረግ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ያደረገብኝን ታያለህ፤ ልብ ስጠው» እንላለን። ቃሉ የመራቂ፣ ድምፁ የከሳሽ ነው። እኔም በአጥር ድንበር ለተጣላሁት ጎረቤቴ ወራት ሙሉ እንዲህ ጸልያለሁ፤ ለካ አቤቱታ እያስገባሁ ነበር። ጸሎቴ የተቃናው የእናቱን ሕመምና የልጁን ፈተና አንስቼ፣ ለራሴ ቤት የምለምነውን ለእርሱም መለመን ስጀምር ነው። የአጥሩ ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

ዳዊትን እንደ ዱላ የሚይዙም አሉ። «ዳዊት ደገምኩበት» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ መዝሙር 108 (በሌላው አቆጣጠር 109) የጠላትን ሹመት ሌላ እንዲወስደው ይለምናል። ዳዊት ንዴቱን ከእግዚአብሔር አልደበቀም፤ እኛም መደበቅ የለብንም። ነገር ግን በመዝሙር 34 (35) ያው ዳዊት፣ በበጎ ፈንታ ክፉ የመለሱለት ሰዎች ሲታመሙ ማቅ ለብሶ መጾሙን ይናገራል። በዓይንጋዲ ዋሻ እጁ የገባውን ሳኦልንም የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ ተወው፤ ለዚያችም ቁራጭ ልቡ አዘነ። እርግማኑን የሚደግም ማቁንም ይልበስ።

ንዴት እስኪበርድ መጠበቅም ሌላው ነው። እስጢፋኖስ «ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» ያለው ድንጋዩ እየወረደበት ነው። የወጋሪዎቹ ልብስ እግሩ ሥር የተቀመጠው ሳውል፣ በኋላ ጳውሎስ የተባለው ነው።

በጸሎት ስብሰባ የሰውየውን ስም ከነጥፋቱ ዘርዝሮ «ጸልዩለት» ማለትስ? ሐሜት ነው። እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ፣ መጸለይን በደልን ዝም ብሎ ከመሸከም ጋር ማምታታት ነው። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ጸልዪለትና ቻዪው» ብለው ወደዚያው ቤት የሚመልሱ ሽማግሌዎች ጳውሎስን ቢያዩት መልካም ነበር። በችሎት ብቻውን ለተዉት ሰዎች «አይቁጠርባቸው» ብሎ የለመነው ይኸው ሐዋርያ፣ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ አስገርፈው በስውር ሊያስወጡት የፈለጉትን ገዢዎች ራሳቸው መጥተው እንዲያወጡት ጠይቋል፤ በቂሣርያም ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። ያቺ ሴት ከእናቷ ቤት ሆና፣ ክስም መሥርታ ልትጸልይለት ትችላለች።