አለኝ ያሉት ስኮርታ ጎማ እንዳይከዳዎ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃላባ ቁሊቶን አልፈን ወደ ወላይታ ሶዶ ስንሄድ የቀኝ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር የምንጣደፈው። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ። እኔ አልደነገጥኩም። ስኮርታ ጎማ አለኝ፣ ክሪክ አለኝ፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው ብዬ ወረድኩ። ስኮርታውን ከኋላ ኮፈን አውጥቼ መሬት ላይ ሳሳርፈው ጠፍጠፍ አለ። ውስጡ ነፋስ የሚባል ነገር የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ቆመልን። ከመኪናው የነፋስ ታንክ ላይ ቱቦ ስቦ ስኮርታዬን ነፋልኝ። ሳመሰግነው «ጋሼ፣ የተቀመጠ ጎማም እኮ ነፋሱን ይጨርሳል» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማውቀውን ሰው ሁሉ ስለ ስኮርታው እጠይቃለሁ። ሁሉም «አለኝ» ይላል። መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው ስል ግን መልስ ያጣል።

ስኮርታ መያዝ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ አጭር ነው። መኪናዎ ከከተማ የሚወጣ ከሆነ ይያዙ። ግን መያዝ ብቻውን ምንም አይደለም። ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው በአብዛኛው ከሚከተሉት ስህተቶች በአንዱ ነው።

«አዲሱ መኪናዬ ስኮርታ አያስፈልገውም» ማለት

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ ጎማ የላቸውም። ፋብሪካው ክብደትና ቦታ ለመቆጠብ ሲል ጎማውን አስቀርቶ በምትኩ አንድ ጠርሙስ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ያስቀምጣል። ገዢውም ፋብሪካው ካልሰጠኝ አያስፈልገኝም ብሎ ይተወዋል።

ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድሜ ለዓመታት ያለ ስኮርታ ነድቷል። አንድ ጊዜ ጎማው ሲተነፍስ ስልክ ደወለ፣ ሰውየው አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጣለት። እሱ ባለበት አገር አልተሳሳተም። እኛ ግን ከሚሌ ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆመን ማን ጋ ነው የምንደውለው?

ፈሳሹ ራሱ ገደብ አለው። የሚደፍነው መንገድ የሚረግጠውን የጎማውን ፊት ብቻ ነው፣ ያውም ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ሚሊ ሜትር። ሚስማር ከሆነ ይሠራል። የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን ጠርሙሱን ሙሉ ቢያፈሱበትም ከንቱ ነው። የእኛ አገር ጎማ ደግሞ በሚስማር ብቻ አይሞትም። አስፋልቱ የተቆረጠበት የጉድጓድ ጠርዝና የፒስታ መንገድ ስለታም ድንጋይ ጎኑን ይበሉታል። በዚያ ላይ ፈሳሹ እንደ መድኃኒት ጊዜው ያልፋል። ቀኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ይዩት።

ኮምፕሬሰሩን አይጣሉት፣ ለብዙ ነገር ይጠቅማል። ፈሳሹን ከተጠቀሙ ደግሞ ለጎሚስታው ቀድመው ይንገሩት፣ ጎማውን ሲከፍት ያ ሁሉ ይፈስበታል። ነገር ግን ለመኪናዎ የሚሆን ቸርኬ ከነጎማው ፈልገው ይግዙ። የብሎኑ ቀዳዳ ቁጥር ስለገጠመ ብቻ ልክ ነው ማለት አይደለም። የመሃል ቀዳዳው መግባት አለበት፣ ፍሬኑን መንካት የለበትም፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመትም ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆን አለበት። ጎሚስታ ቤት ወስደው ፊትም ኋላም አስገጥመው ይሞክሩት። ከዚያ የኋላ ኮፈን ውስጥ በቀበቶ ጥፍር አድርገው ይሰሩት። ያልታሰረ ጎማ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ተሳፋሪ ይወረወራል።

ነፋሱን መርሳት

የእኔ ስህተት ይኸኛው ነው። ጎማ ባይነካም በወር 1 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ የሚለካበት መለኪያ) ያህል ያፈስሳል። ቫልቩ ካረጀ ከዚያም በላይ። ሁለት ዓመት ሳይታይ የተቀመጠ ስኮርታ ሲፈለግ ባዶ ቢሆን ሊገርመን አይገባም። አራቱን ጎማ በሚያስሞሉ ቁጥር አምስተኛውንም ያስለኩ። ጎሚስታው ካልተጠየቀ ኮፈን አይከፍትም።

ስኮርታው እንደ ሌሎቹ ጎማዎች ሙሉ መጠን ያለው ከሆነ፣ በሾፌሩ በር ላይ ከተጻፈው ትልቁን ቁጥር ይሙሉት። ማስተንፈስ የትም ይቻላል፣ መንፋት ነው የሚቸግረው። ከአንዳንድ መኪኖች ጋር የምትመጣው ቀጭኗ ትንሿ ስኮርታ ግን የተለየች ናት። ብዙውን ጊዜ የምትፈልገው 60 ፒኤስአይ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እንደ ሌላው ጎማ 32 ሞልቶ ይሰጥዎታል። ቁጥሩ ጎኗ ላይ ተጽፏል፣ ጣትዎን አድርገው ያሳዩት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያስሞሉት ጎማ አፋር ወርደው ሲያስለኩት፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን ኖሮ፣ ጥቂት ፒኤስአይ ቀንሶ ይታይ ነበር። ታች ያለው አየር ከባድ ስለሆነ ነው። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቆላ ሲያድሩ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ያስለኩ።

«አንድም ቀን መሬት አልነካም» ብሎ መኩራት

ያገለገለ ቪትዝ የገዛ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ስኮርታውን ሲያይ ደስ ይለዋል። ጥቁር ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ገና አልጠፋም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጎማው የመኪናውን ያህል ዕድሜ አለው። ጎማ ደግሞ በመንገድ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይሞታል። ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውል መኪና ኮፈኑ ውስጥ ያለው ሙቀት ላስቲኩን ያደርቀዋል።

ዕድሜውን ማወቅ ቀላል ነው። የጎማው ጎን ላይ ከ«ዶት» (DOT) ፊደላት ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች አሉ። 0809 የሚል ከሆነ በ2009 በ8ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ዓመቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንዳንድ ጊዜ ቁጥሩ ያለው በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሆነ ገልብጠው ይፈልጉ። ታዋቂ ጎማ አምራቾች ከተሠራ 10 ዓመት ያለፈው ጎማ ምንም ቢያምር ይውጣ ይላሉ፣ ስኮርታንም ይጨምራል። እኔ 5 ዓመት ካለፈው ጀምሮ በየዓመቱ ቦሎ ሳወጣ ጎኑን አጠፍ እያደረግሁ ስንጥቅ አያለሁ።

ያገለገለ ጎማ ለስኮርታ ሲገዙም መጀመሪያ ይህን ቁጥር ያንብቡ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ከተቀባ በኋላ ዓይን አይለየውም።

ትንሿን ስኮርታ እንደ ዋና ጎማ መንዳት

በላይዋ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚል ተጽፎ እያለ ከአዳማ አዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ በ120 የሚበር ሰው አይቻለሁ። ትንሿ ስኮርታ የተሠራችው እስከሚቀጥለው ጎሚስታ እንድታደርስ ነው። ቀጭን ናት፣ ፍሬን ሲይዙ መሬቱን እንደ ሌሎቹ አትጨብጥም።

ቪትዝን ጨምሮ አብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች የሚጎትቱት በፊት ጎማ ነው። የፊቱ ከፈነዳ ደህናውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት አምጥተው ትንሿን ከኋላ ይግጠሙ። ሥራው እጥፍ ይሆናል። ጣርማ በርን አልፈው የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲወርዱ ግን ልፋቱ ያዋጣል።

መሣሪያውን ሳይሞክሩ መንገድ መውጣት

ጎማው ኖሮ መፍቻው የጠፋበት ሰው ስንት ነው! ቸርኬ ያስቀየሩ ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ። የአዲሱ ቸርኬ ብሎን በስኮርታው የብረት ቸርኬ ላይ በትክክል ላይቀመጥ ይችላል። ለሌባ መከላከያ የሚገጠም ብሎን ካለዎት ደግሞ የራሱ ልዩ መፍቻ አለው። ያ ትንሽ ብረት እቤት መሳቢያ ውስጥ ከቀረ መንገድ ላይ የሚፈታው የለም።

ሌላው ጣጣ ጎሚስታው ራሱ ነው። በነፋስ መሣሪያ ጠርርር አድርጎ ያጠብቀዋል፣ እርስዎ በእጅ መፍቻ ቢቆሙበትም አይላወስም። የቶዮታ የቤት መኪና ብሎን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ይህም አንድ ሰው በተራ መፍቻ የሚችለው ኃይል ነው። «ወንድሜ፣ መጨረሻውን በእጅህ አጥብቅልኝ» ይበሉት። አያፍሩ።

ሃይሉክስና ሚኒባስ ያላችሁ ደግሞ ስኮርታችሁ ሆዱ ሥር ነው የተንጠለጠለው። ጭቃና ውሃ ሲመታው ይኖራል። ማውረጃው ሰንሰለት ሲዝግ ጎማው እዚያው እያያችሁት አይወርድም። በዓመት ሁለቴ አውርዱት፣ አጽዱት፣ ዘይት ቀቡት። መኖሩንም ታረጋግጣላችሁ፣ ከሥር የተንጠለጠለ ጎማ ሌሊት ይሰረቃልና።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እሁድ ጠዋት ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ፈትቶ መግጠም ነው። እኛ ቤት ከሠርጉ ስንመለስ ያደረግነው እሱን ነው። ባለቤቴ አሁን ከእኔ እኩል ትቀይራለች። ክሪኩ ለስላሳ አፈር ላይ እንደሚሰምጥም ያወቅነው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ከክሪኩ ጋር አንድ ወፍራም ጣውላ እንይዛለን።

ተቻኩሎ ክሪክ ማስገባት

መኪናውን አንስቶ ከዚያ ብሎን ለመፍታት መታገል አደገኛ ነው። ጎማው ይሽከረከራል፣ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይወርዳል። በመጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ከሚፈታው ጎማ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ በድንጋይ ያስደግፉ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ እያለ ትንሽ ያላሉ። ከዚያ ያንሱ። ስኮርታውን እስኪገጥሙ ድረስ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኝተው ያስቀምጡት፣ ክሪኩ ቢያመልጥ መኪናው እሱ ላይ ያርፋል። እጅም ሆነ እግር ወደ ሥር አያስገቡ።

ሲያጠብቁ አንዱን ብሎን ጨርሰው ወደ ጎረቤቱ አይሂዱ፣ በትይዩ እየዘለሉ ያጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ቆመው አንድ ጊዜ ደግመው ያጥብቋቸው።

የተበላሸውን ጎማ ኮፈን ውስጥ ረስቶ መክረምም አለ። እስኪጠገን ድረስ ስኮርታ የለዎትም ማለት ነው።

ድንጋዩን መንገድ ላይ ትቶ መሄድ

ይህን ስህተት የምንሠራው ሁላችንም ነን። መኪና ሲበላሽብን ቅጠል እንቆርጣለን፣ ድንጋይ እንደረድራለን። ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ ነው፣ ጥሩ ነው። የሚያንጸባርቅ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ካለ ደግሞ ይበልጣል። ከመኪናው ራቅ ብሎ፣ መታጠፊያ ካለ ከመታጠፊያው በፊት መቀመጥ አለበት። ጎማው ሲገጠም ግን እፎይ ብለን እንነሳለን። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ማታ ሞተር ብስክሌት ይዞ የሚመጣ ልጅ አያየውም። ሌላ መኪና ይመታውና ጎማው ጎኑ ይቀደዳል።

ያን ማታ ልጆቼን አሳፍሬ ሞተር አስነሳሁ። ቸኩያለሁ፣ ሠርጉ አምልጦናል ብዬ አዝኛለሁ። የሲኖትራኩ ሾፌር ግን ገና ወደ መኪናው አልወጣም ነበር። እኔ የደረደርኳቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ቦዩ ይወረውር ነበር። ሞተሩን አጠፋሁና ወርጄ አብሬው አነሳሁ።