ዓርማው ተላልፎ ሥራው ሲቀር፦ በካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የተማሪዎች ምክር ቤት አማካሪ መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር ማስገረሙን አላቆመም። አንድ ወጣት ለተማሪዎች ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ሦስት ሳምንት ይዘጋጃል፤ ኃላፊነቱን ሲያስረክብ ግን ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። መድረክ ላይ ይወጣል፣ ዓርማውን ከደረቱ ነቅሎ በተተኪው ደረት ላይ ይሰካል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በማግሥቱ አዲሱ ፕሬዚዳንት የምክር ቤቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ እንኳ አያውቅም።

የዓመቱ ማብቂያ ለካቶሊክ ትምህርት ቤት የጥድፊያ ወቅት ነው። ፈተናው፣ የምረቃው ቅዳሴ፣ የተመራቂዎች ሱባኤ፣ የሽልማት ቀኑ፣ የምክር ቤቱ ምርጫ፣ የምረቃው መጽሔት ሁሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይታጨቃሉ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ርክክብን ሥነ ሥርዓት ብቻ ማድረግ

አንድ ዓመት ተሰናባቹ የምክር ቤት ገንዘብ ያዥ ሣጥኑን ለተተኪዋ ሰጠና ሄደ። አልተቆጠረም፣ አልተፈረመም። ልጅቷ ክረምቱን አሳልፋ ስትቆጥረው በመዝገቡ ከሰፈረው አነሰ። ለሁለት ወር ያህል በምክር ቤቱ ውስጥ ሰው በሰው ላይ በጥርጣሬ ዐይን ተያየ። በመጨረሻ ደረሰኙ በአንድ ያረጀ የደንብ ልብስ ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ ገንዘቡ ለምረቃው ቀን ወንበር ኪራይ ተከፍሎ ነበር። ማንም አልሰረቀም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቆጥራችሁ ተፈራረሙ ያላልኳቸው እኔ ነኝና።

ከዚያ ወዲህ ምርጫውን ከማጠቃለያ ፈተናው ቀደም ብዬ እንዲካሄድ አደርጋለሁ። አዲሶቹ በአንድ ስብሰባ ላይ ከነባሮቹ ጎን ተቀምጠው ያያሉ፤ በሚቀጥለው እነርሱ ይመራሉ፣ ነባሮቹ ያያሉ። የርክክብ ደብተር አለን። በውስጡ የዓመቱ መርሐ ግብር ይሰፍራል፤ በዓሉ የሚውልበት ቀን ብቻ ሳይሆን ዝግጅቱ የሚጀመርበት ሳምንትም ጭምር። አዳራሹን የሚያስከፍተው ማን እንደሆነ፣ ከቁምስናው (ከአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን) ጽሕፈት ቤት ጋር የሚነጋገረው ማን እንደሆነ ይጻፋል። ገንዘቡና ንብረቱ በሁለቱም ወገን ፊርማ ይረጋገጣል። የመጨረሻው ገጽ ያልተሳካ ነገርና ምክንያቱ የሚጻፍበት ነው። ይህን ገጽ ማስሞላት ጥርስ እንደ መንቀል ነው፤ ተሰናባች መሪ ታሪኩን አሳምሮ መሄድ ይወዳል። እኔ ግን ደብተሩን ስከፍት መጀመሪያ የማነበው እርሱን ነው።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 ሙሴ ኢያሱን የሚሾመው በሕይወት እያለ፣ በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ነው። ከራሱም ክብር እንዲያካፍለው ታዝዟል። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት «ከአሁን በኋላ እርሷን ጠይቁ» ብሎ በጓደኞቹ ፊት ለተተኪው ሲያሳልፍ ክብሩን አካፈለ ማለት ነው። ይህን የሚያደርገው ገና ኃላፊነቱ በእጁ ሳለ ካልሆነ በኋላ ቢለው አይጠቅምም።

ደረጃና ዝና አይቶ መምረጥ

ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ልጅ ጥሩ መሪ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ኳስ ሜዳው ላይ ስሙ የሚጠራውም እንዲሁ። ማትያስ በይሁዳ ቦታ ሲተካ ጴጥሮስ በቅድሚያ የተናገረው መስፈርቱን ነው፦ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ጌታ እስካረገበት ቀን ድረስ ከእኛ ጋር የነበረ ይሁን አለ። ሁለት ሰዎች የቀረቡት፣ ጸሎት የተደረገውና ዕጣ የተጣለው ከዚያ በኋላ ነው። በትምህርት ቤት ቋንቋ ሲመነዘር፦ ማንም በማያየው ሥራ ላይ ዓመቱን ሙሉ የተገኘው ማን ነው?

የኛ ክፉ ልማድ መስፈርቱን ከድምፅ አሰጣጡ በኋላ መፍጠራችን ነው። ተማሪዎቹ ይመርጣሉ፣ መምህራን ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ አንድ ስም በጸጥታ ይሰረዛል። ተማሪ ይህን ሳያውቅ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው ተማሪ የነበረበትን ዘመን ረስቷል። የሥነ ምግባር ወይም የውጤት ወሰን ካለ ዕጩዎች ከመመዝገባቸው በፊት በሰሌዳ ይለጠፍ። ትምህርት ቤቱ የመጨረሻውን ውሳኔ ለራሱ ማስቀረት ከፈለገም ተማሪዎቹ የሚያቀርቡት ዕጩ እንጂ ተመራጭ እንዳልሆነ በግልጽ ይነገራቸው። እውነተኛ ሹመት ከሐሰተኛ ምርጫ ይሻላል።

ሌላው ሥራውን ሁሉ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ነው። አማቱ ዮቶር ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ «ትደክማለህ» ያለው የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾም ነው። የክፍል አለቆች ያሉት ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጠመኔ ከማምጣት ያለፈ ሥራ አንሰጣቸውም።

ቅዳሴውን ከምረቃው መድረክ ጋር ማደባለቅ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልናገር፤ ምክንያቱም በየዓመቱ የሚያጨቃጭቀን ይህ ነው። የምረቃው ቅዳሴና የምረቃው ሥነ ሥርዓት በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ አዳራሽ ይደረጋሉ። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ይፈስሳል። የተማሪዎቹ ፕሬዚዳንት ከወንጌል በኋላ እንዲናገር የሚጠይቅ ወላጅ ይመጣል። ከመጀመሪያው ንባብ ይልቅ ተማሪዋ የጻፈችው ግጥም ይነበብ የሚል መምህር ይነሣል። ሁለቱም በቅንነት ነው፤ ሁለቱም ግን አይሆንም።

በላቲን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቀኖና 767 በቅዳሴ ውስጥ የሚሰጠውን ስብከት ለካህን ወይም ለዲያቆን ብቻ ይተዋል። የራሳቸውን ሥርዓት ይዘው ከሮም ጋር አንድ ለሆኑት የምሥራቅ ካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውም ሕግ ቢሆን ስብከቱን ለምእመን አይሰጥም። የቅዱስ መጽሐፍን ንባብ በሌላ ጽሑፍ መተካትም አይፈቀድም። ስለ ምእመን ምስክርነት ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቅድስት መንበር (የቫቲካን) መመሪያ ከቅዳሴው ውጭ መሆኑን ይመርጣል፤ ከባድ ምክንያት ሲኖር ደግሞ ከቁርባን በኋላ ካለው ጸሎት ቀጥሎ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቅዳሴው በቡራኬ ያልቃል፣ ሕዝቡ ለአፍታ ይወጣል ወይም ይቀመጣል፣ ከዚያ ንግግሩም ግጥሙም ሽልማቱም ይቀጥላል። ግጥሟ እዚያ ስትነበብ የሚሰማት ሰው ይበዛል።

የቀኑንም ጉዳይ ቀድሞ ማየት ይገባል። ምረቃው በፋሲካ ወቅት ባለ እሑድ ወይም በታላቅ በዓል ላይ ከዋለ «ለተመራቂዎች የሚስማሙ ንባቦችን እንምረጥ» ማለት አይቻልም፤ የዕለቱ ቅዳሴ ይከበራል። ይህን ያልሰማ አስተባባሪ የታተመ መርሐ ግብር ይዞ ካህኑ ፊት ሲቆም አይቻለሁ። ወረቀቱ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አባን ጠይቁ።

አንባቢዎች የሚመረጡትም በሥልጣን ተዋረድ መሆን የለበትም። ፕሬዚዳንቱ ስለሆነ ብቻ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት እንዲያነብ የተሰጠው ልጅ «ተሰሎንቄ» ላይ ሦስት ጊዜ ሲደናቀፍ አዳራሹ ሳቀ፤ ልጁ ያን ቀን ከዚያ ሌላ ምንም አያስታውስም። ጥሩ የሚያነብ ይምረጡ፤ ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በራሱ በድምፅ ማጉያው ያለማምዱት።

ካቶሊክ ያልሆኑትን በመጨረሻው ሰዓት ማስታወስ

በብዙ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ ተማሪዎች አሉ፤ በአንዳንዶቹ እንዲያውም ብዙኃኑ እነርሱ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ምክትል ፕሬዚዳንት ትሆናለች፣ ዓመቱን ሙሉ ትለፋለች፣ የቅዳሴው ዋዜማ ላይ ግን መቁረብ እንደማትችል፣ ምናልባትም ማንበብ እንደማትችል በመተላለፊያ ላይ ይነገራታል። ሕጉ አዲስ አይደለም፤ ስለ ቁርባን በዚያው በ1983ቱ ሕግ ቀኖና 844 አለ። ስለ ንባብም እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረት መመሪያ በቅዳሴ የሚያነቡት የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት እንደሆኑ፣ ጳጳሱ ግን በተለየ አጋጣሚ ለሌላ ቤተ ክርስቲያን አባል ሊፈቅድ እንደሚችል ይደነግጋል። የሚያቆስለው አነጋገሩና ሰዓቱ ነው። ከወር በፊት፣ ብቻዋን፣ በአክብሮት ይነገራት። እንግዶችን መቀበል፣ ከቅዳሴው በኋላ የምስጋና ንግግር ማድረግ፣ መድረኩን መምራት የእርሷ ሊሆን ይችላል። ሙስሊም ከሆነችም በቅዳሴው ላይ የመገኘቱ ነገር ከቤተሰቧ ጋር ቀደም ብሎ ይነጋገሩበት።

አንዱን ልጅ ዘጠኝ ጊዜ መጥራት

በሒሳብ አንደኛ፣ በፊዚክስ አንደኛ፣ በጠቅላላ አንደኛ፣ በሥነ ምግባር አንደኛ። ልጁ ከመድረክ ባይወርድ ይሻለው ነበር። ወላጆቹ በኩራት ይሞላሉ፤ የሌሎቹ ወላጆች ግን ሰዓታቸውን ያያሉ። የትምህርቱን ሽልማቶች አንድ ላይ አድርጎ አንዴ መጥራት ይቻላል። የተረፈው ጊዜ ለሌላ ዓይነት ልጅ ይሁን። የጣልያናዊው ካህንና የወጣቶች አስተማሪ የዶን ቦስኮ ተማሪ የነበረው ዶሜኒኮ ሳቪዮ እ.ኤ.አ. በ1856 ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ትንሽ ማኅበር ከሥራዎቹ አንዱ አስቸጋሪና ብቸኛ ልጆችን መቅረብ ነበር። ሳቪዮ በሚቀጥለው ዓመት 15 ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ በ1954 ቅዱስ ተባለ። አዲስ የመጣውን ተማሪ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻውን እንዳይቀመጥ ያደረገ ልጅ ክፍላችሁ ውስጥ አለ። ስሙን መምህራን አታውቁት ይሆናል፤ ተማሪዎቹን ጠይቁ።

ችግረኛውን ተማሪ በዝምታ ማስቀረት

የካባ ኪራይ፣ የመጽሔት መዋጮ፣ የሽርሽር ክፍያ፣ የፎቶግራፍ ዋጋ። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን አንዳንዱ ልጅ «አሞኛል» ብሎ ከምረቃው ይቀራል። የምክር ቤቱ አባላት አብዛኛውን ጊዜ መክፈል የሚችሉ ቤተሰቦች ልጆች ስለሆኑ ይህ አይታያቸውም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1965 ባወጣው የክርስቲያናዊ ትምህርት መግለጫ ቤተ ክርስቲያን በትምህርት ሥራዋ በተለይ ለድሆች፣ የቤተሰብ ድጋፍና ፍቅር ለጎደላቸው፣ ከእምነት ስጦታም ውጭ ላሉት እንድታስብ ያሳስባል። ስለዚህ የወጪውን ዝርዝር ዓመቱ ሲጀመር አውጡት፤ ግዴታ ያልሆነውን «ግዴታ አይደለም» ብላችሁ ጻፉ። ድጎማ የሚያገኘውን ልጅ ስም ከአንድ መምህር በቀር ማንም አይወቀው። እጁን እንዲያወጣ መጠየቅ፣ በሰልፍ ላይ መጥራት፣ ወዮ!

የአገልግሎት ሰዓትን በመጨረሻው ሳምንት መሙላት

ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከመመረቁ በፊት የተወሰነ ሰዓት በጎ አገልግሎት እንዲሰጥ ይጠይቃሉ። ግንቦት ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ ፎርም ይዞ ፊርማ የሚያድን ልጅ ይበዛል። ፊርማ ከመቁጠር አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበልጣል፦ የረዳኸው ሰው ስሙ ማን ነው? መልስ ከሌለው ሰዓቱ አልተሠራም። በተጨማሪም ያረፈደን ተማሪ «ቅጣትህ አገልግሎት ነው» ማለት ይቅር፤ አገልግሎትን ዓመቱን ሙሉ ቅጣት አድርገን በምረቃው ዕለት ጸጋ ነው ብንል ማን ያምነናል?

የተማሪ መሪን ፖሊስ ማድረግ

የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁካታ ይበዛባቸዋል፤ ደንብ ልብስ ላይ መፈራረም፣ ውኃ መራጨት፣ ግድግዳ ላይ መጻፍ። አስተዳደሩም የምክር ቤቱን አባላት ስም መዝጋቢ አድርጎ ያሰማራቸዋል። ዓመቱን ሙሉ የተገነባ መተማመን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይፈርሳል። ዶን ቦስኮ ገና ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1832 በጣልያን በኬሪ ከተማ ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው «የደስታ ማኅበር» ይባል ነበር፤ ለክርስቲያን የማይገባውን ነገር መራቅ፣ የትምህርትና የሃይማኖት ግዴታን መፈጸም፣ መደሰት ነበር ሥራው። ኋላም በ1877 የጻፈው የቅድመ መከላከል ዘዴው በአእምሮ፣ በሃይማኖትና በፍቅራዊ ቸርነት ላይ የቆመ ነው። እኛም ባለፉት ዓመታት መሪዎቹ መሰነባበቻውን ራሳቸው እንዲያዘጋጁት አደረግን፦ ትልቅ ነጭ ጨርቅ በግቢው ተዘረጋ፣ መፈረም የፈለገ ሁሉ ፈረመበት። ግድግዳው ተረፈ።

ስለ ሱባኤው አጭር ነገር ብቻ፦ በፈተና ሳምንት አታድርጉት፣ ስድስት ንግግርም አትጫኑበት፤ ልጆቹ ዝምታ የሚያገኙበት ብቸኛ ቀን እርሱ ነው። ስለ ስንብት ንግግሩም እንዲሁ፦ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ አራት ጓደኛሞች ብቻ የሚስቁበት ቀልድ ይውጣ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና የጽዳት ሠራተኛዋ በስማቸው ይመስገኑ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ወንበሩ። መርሐ ግብሩ ላይ ሁሉም ነገር በደቂቃ ተለክቶ ሲጻፍ አዳራሹን ማን እንደሚያነሣው አይጻፍም፤ በመጨረሻም ያችው የጽዳት ሠራተኛ ብቻዋን ትቀራለች። አሁን በመጨረሻው ተራ ላይ «ወንበር መመለስ፦ ተሰናባቹና አዲሱ ምክር ቤት» ብለን እንጽፋለን። ባለፈው ጊዜ ተሰናባቿ ፕሬዚዳንት ካባዋን በክንዷ ላይ ጥላ፣ ከተተኪዋ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ግራና ቀኝ ይዘው በደረጃው ሲወርዱ አየኋቸው፤ የቁም ሣጥኑ መቆለፊያ እየተጣበቀ ስለሚያስቸግር ቁልፉን ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ማዞር እንደሚገባ እያስረዳቻት ነበር።