አለቃን በትወና ማሠልጠን፦ ከየት ይጀመራል?

ያጠናሁት ቴያትር ነው፤ የማሠለጥነው ግን የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችን ነው። የሙያ ጓደኞቼ "እኛም እንሞክረው፣ ከየት እንጀምር?" ይሉኛል። እንዲህ ጀምሩ።

ጠረጴዛውን አስወጡ፤ ፕሮጀክተሩንም። ወንበር በክብ ይበቃል። "ዛሬ ድራማ እንሠራለን" ግን እንዳትሉ፤ ግማሹ ሰው ወዲያው ስልክ ይደወልለታል።

ማሟሟቂያው የመጫወቻ ካርታ ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ካርታ ስጡት፤ ራሱ ሳያየው ግንባሩ ላይ ይያዘው። ከዚያ እንደ ሠርግ ቤት እየተዘዋወሩ ሰላም ይባባሉ፤ ሁሉም ሌላውን በካርታው ልክ ያስተናግድ። ኪንግ የያዘው ሲመጣ "ኧረ በሞቴ፣ ይቀመጡ!" እየተባለ ሰው ይነሣለታል። ባለ ሁለት ቁጥሩ እጁን እንደ ዘረጋ ይቀራል። ማንም ሳይነግረው በደቂቃ ውስጥ ቁጥሩን ያውቀዋል። ለንደን ሮያል ኮርት ቴያትር የሠራው ኪት ጆንስተን ተዋናዮችን በእንዲህ ዓይነት የደረጃ ጨዋታ ያለማምድ ነበር። ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ "ጠዋት ቢሮ ስትገቡ ለጥበቃው ስንት ቁጥር ትሰጡታላችሁ?" መልስ አትጠብቁ፤ ቀጥሉ።

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው። ከራሳቸው ቢሮ አንዲት ትንሽ ጉዳይ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ የምታረፍድ ገንዘብ ከፋይ። የሞስኮ አርት ቴያትርን እ.ኤ.አ. በ1898 ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ስታኒስላቭስኪ ተዋናይ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን እንደሚፈልግ እንዲያውቅ ያስገድድ ነበር። እናንተ የመጨረሻዋ ላይ ቆዩ። ሥራ አስኪያጁ "ላስረዳት ነው የምፈልገው" ይላል። አትቀበሉት። ማስረዳትማ እሷ ባትሰማም ይቻላል። ከእሷ የሚመጣ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ይፈልግ፦ "ለምን እንደምታረፍድ ራሷ እንድትነግረኝ።"

አንዱ ይህን ሲለማመድ መጀመሪያ ፋይሉን ገልጦ፣ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን እየመታ "ስንቴ ልንገርሽ?" አላት። ፍላጎቱን ቀይሮ ሲደግመው ፋይሉን ዘጋ። ወንበሩን ወደ እሷ ጎን አዞረና "ጠዋት ጠዋት ታክሲው እንዴት ነው?" አለ። ድምፅህን አለስልስ ያለው ሰው የለም። እናንተም እንዳትሉ፤ ካላችሁ ድምፁ የለሰለሰ ያው ቁጡ አለቃ ነው የምታገኙት።

ሠራተኛዋን የምትጫወተዋ የሠለጠነች ተዋናይ ትሁን፤ ክፈሏት። የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ከሆነች ነገ እዚያው ቢሮ ትገባለች፣ ስለዚህ ትፈራለች። እንባ ግን ከልክሏት። አንዴ ካለቀሰች ሁሉም አጽናኝ ይሆንና ሥራው ይቀራል። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ አቁሙ። ጭብጨባ የለም፣ "ጎበዝ" የለም። መጀመሪያ የሚጠየቀው እሷ ነች፦ "የምርሽን መናገር የተውሽው መቼ ላይ ነው?" "ሰዓቱን ሲያይ" ብትል ማብራሪያ አትጨምሩበት። ወዲያው ይደገም። ቀጥሎ ቦታ ይቀያየሩ፤ አርፋጁ እሱ ይሁን።

የበላይ ኃላፊው "ጥግ ይዤ ልይ" ካለ በአክብሮት ወደ ሻይ ሸኙት። እሱ ባለበት ማንም የልቡን አይጫወትም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል።

12 ሰው ከሆነ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ለሁለት ክፈሉት፤ አለዚያ ግማሹ ተመልካች ብቻ ሆኖ ይወጣል።