የሞተር ሳይክል ዘይትና ፊልትሮ ቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

መኪና ላይ የሞተሩና የካምቢዮው ዘይት ለየብቻ ነው። አብዛኛው ባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ላይ ግን ያቺው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ሞተሩንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። ስለዚህ ከመኪና የተረፈ ዘይት አትጨምሩበት። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ስላለው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ነዳጅ ስትሰጡት ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉልበት ግን የለውም። ስትገዙ ዕቃው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA, MA2) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ዘይቱ እንዲህ ላለው ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ የጃፓን ደረጃ ነው። ውፍረቱንና መጠኑን ከመመሪያ ደብተሩ እዩ። ለብዙ የባጃጅ ቦክሰር ሞተሮች 20ደብሊው50 ነው።

ከዘይቱ ሌላ አዲስ ፊልትሮ፣ ለማፍሰሻው ቡሎን አዲስ ሮንዴላ፣ ልክ የሆነ ቁልፍ፣ ሳፋ፣ ጨርቅና ጓንት አዘጋጁ። ለማንቆርቆሪያ የሃይላንድ ላስቲክ ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ አፉን ወደ ታች ብታዞሩት ይበቃል።

መጀመሪያ ሞተሩን ሦስት አራት ደቂቃ አስነሱት። ለብ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። በጣም ከጋለ ግን እጅ ያቃጥላል፤ ማርሚታውንም አትንኩ። አጥፉትና ደልዳላ ቦታ ላይ በመሃል ማቆሚያው አቁሙት። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፣ አየር ሲገባ ፍሰቱ ይፈጥናል። ሳፋውን ከሥር አድርጋችሁ የማፍሰሻውን ቡሎን ወደ ግራ ፍቱ። መጨረሻ ላይ በእጅ ወደ ላይ ገፋ እያደረጋችሁ ፍቱት፣ አለዚያ ሳፋው ውስጥ ይወድቃል። አንጠባጥቦ እስኪያልቅ አትቸኩሉ።

ዘይቱ መጥቆሩ አያስደንግጣችሁ፣ ሥራውን እየሠራ ነበር ማለት ነው። ቡሎኑ ላይ በጣት ስታሹት የሚልም ግራጫ ጭቃ ካለ ምንም አይደለም። ጥፍር ላይ የሚታይ የብረት ስብርባሪ ካገኛችሁ ግን መካኒክ ይየው።

ፊልትሮው እንደ ሞዴሉ ይለያያል። አንዳንዱ ከውጭ የሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ነው፤ አዲሱን ከማሰራችሁ በፊት ጎማውን ዘይት ቀቡትና በእጅ ብቻ አጥብቁት። ሌላው በትንሽ ክዳን ሥር የተቀመጠ ወረቀት ነው። ይህን ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስፕሪንጉ በየት በኩል እንዳለ፣ ቀዳዳው ወዴት እንደሚያይ መታወቅ አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ዘይቱ በትክክል አይጣራም፣ መንገዱም ሊዘጋ ይችላል። የክዳኑን ኦሪንግም (ዘይት እንዳያፈስ የሚያደርገውን የጎማ ቀለበት) አብራችሁ ቀይሩ። ወረቀት የሌለው፣ የብረት ወንፊት ብቻ ያለው ሞተርም አለ። እሱ በቤንዚን ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ይመለሳል። ስታጥቡ እሳትና ሲጋራ አጠገባችሁ እንዳይኖር።

አሁን ቡሎኑን መልሱ። የቤት ሥራ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ጋ ነው። የሞተሩ አካል አሉሚኒየም፣ ቡሎኑ ደግሞ ብረት ነው፤ ሲታገሉ የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ጥርሱ ከተበላ ወደ ቶርኖ ቤት መሄድ ግድ ይላል። ስለዚህ አዲሱን ሮንዴላ አድርጋችሁ በጣት ጀምሩት። ከጅምሩ እምቢ ካለ ተጣሞ ገብቷልና አውጡትና እንደገና ሞክሩ። በጣት ሄዶ ሲቆም በአጭር ቁልፍ ጠበቅ አድርጉት፤ ቱቦ አስረዝማችሁ አትጫኑት። የቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ያላችሁ ደብተሩ ላይ በተጻፈው ልክ እሰሩ።

ዘይቱን ከሚፈለገው ትንሽ አሳንሳችሁ ሙሉ። ሞተሩን ሁለት ደቂቃ አስነሱት፣ አጥፉት፣ ትንሽ ቆዩና ቀጥ ብሎ እንደቆመ ለኩ። መለኪያው ዘንግ በብዙ ሞተሮች ላይ የሚነበበው ሳይጠመዘዝ አፉ ላይ ብቻ ሲቀመጥ ነው፤ የእናንተን ከደብተሩ አረጋግጡ። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ይሁን። ከሥር አጎንብሳችሁ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ እዩ።

የተቃጠለውን ዘይት ጀሪካን ውስጥ ገልብጣችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ለምስጥ ብለው እንጨት የሚቀቡበት አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ በዝናብ ታጥቦ አፈርና ውሃ ውስጥ ይገባል። የቀየራችሁበትን ኪሎ ሜትር ጻፉ። ቀጣዩን ቀን ደብተሩ ይወስናል፤ አቧራማ መንገድ ላይ ወይም ቀኑን ሙሉ ዕቃ በማድረስ የምትሠሩ ከዚያ አሳጥሩት።