ጄላቲን ለጉልበት፦ እኛ የሠራናቸውን ስህተቶች እናንተ አትድገሟቸው

እማዬ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ከበርጩማዋ የምትነሳው በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ እጇን ጉልበቷ ላይ ትጥልና ትንሽ ትቆያለች። ከዚያ "ወይኔ ጉልበቴ!" ብላ ብድግ ትላለች። የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ። ባለ ሦስት እግር፣ ዝቅ ያለ፣ ለዓይን የሚያምር ነው። ለታመመ ጉልበት ግን ጠላት ነው።

አምና አንድ ዘመዳችን ስልክ ደውሎ "ጄላቲን አስጀምሯት፣ በወሩ ትሮጣለች" አለን። ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አስጀመርናት። አልሮጠችም። እኛ ግን በመሀል ያላበላሸነው ነገር የለም።

ጄሊን ጄላቲን ነው ብሎ መግዛት

መጀመሪያ ከሱቅ ያመጣሁት ቀይ ሥዕል ያለበት፣ የእንጆሪ ጣዕም ያለው የጄሊ ፓኬት ነበር። እማዬ በጣም ወደደችው። መውደዷ አይገርምም፤ ውስጡ ያለው በአብዛኛው ስኳር ነው። ማቅለሚያና ማጣፈጫ ተጨምሮበት ጄላቲኑ ትንሽ ነው። ንጹሑ ጄላቲን ጣዕም የለውም ማለት ይቻላል፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዱቄት ወይም ስስ ቅጠል ሆኖ ይሸጣል። ፓኬቱን ገልብጡና ዝርዝሩን አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው "ስኳር" ከሆነ መልሱት። በተለይ ቤት ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ካለ።

ዱቄቱን ትኩስ ቡና ላይ መነስነስ

ጅማ ተቀምጦ ማንኛውንም ነገር ከቡና ጋር መሞከር ያለ ነው። ዱቄቱን በቀጥታ ሲኒ ውስጥ ጨመርኩት። ወዲያው ተጓጎለ። ከላይ ያለው ሲቀልጥ መሀሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ እማዬ አንዱን ጉብታ አኝካ "ይሄ ምንድን ነው፣ ሙጫ ነው?" አለችኝ። ከእውነት ብዙም አልራቀችም፤ የአናጢዎች የድሮ ሙጫም የሚሠራው ከቆዳና ከአጥንት ነው።

መላው ቀላል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ነስንሱና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ተዉት። ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ከዚያ ትኩስ ነገር ጨምራችሁ ስታማስሉት ይሟሟል። ሳይቀዘቅዝ ጠጡት።

የራስን ድስት መድፋት

ይሄኛው እስካሁን ያናድደኛል። ከፋሲካ በኋላ ከሉካንዳ የበሬ እግር ገዝተን ቀኑን ሙሉ በከሰል ስንቀቅል ዋልን። ማታ ጠጣን፤ የተረፈው በድስቱ አደረ። የጅማ ሌሊት ቀዝቀዝ ይላል። ጠዋት እማዬ ክዳኑን ስታነሳ መረቁ ረግቶ፣ ድስቱ ሲነቀነቅ እንደ እርጎ ይርገፈገፋል። "ተበላሽቷል" ብላ ደፋችው። እኔ ደግሞ በዚያው ሳምንት ዱቄት ጄላቲን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ እዞር ነበር!

የረጋው ነገር ራሱ ጄላቲን ነው። በቆዳ፣ በጅማትና በአጥንት ውስጥ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። በውሃ ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል ይፈታና ጄላቲን ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲሞቅ መልሶ ይቀልጣል። መረቁ ካልረጋ ውሃው በዝቷል ወይም ሰዓቱ አንሷል ማለት ነው። ሰዓቱ ላይ አትቸኩሉ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እግርና ቅልጥም ለማፍረስ ከቆላ ሰው የበለጠ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ግን እማዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። መርጋቱ መበላሸት አይደለም፤ ድስቱን ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ ላይ መተው ግን ስህተት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ ባክቴሪያ ያሳድግበት የነበረው አንዱ ነገር ጄላቲን ነበር። ለእኛ የተመቸ ምግብ ለእነሱም ይመቻል። ማታውኑ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ከላይ የጋገረውን ስብ አንሱ፤ በ3 ወይም በ4 ቀን ጨርሱት፤ ስትጠጡ በደንብ አፍሉት። ጨውም አታብዙ።

የጠጣነው በቀጥታ ጉልበት ይገባል ማለት

አይገባም። ሆድ ጄላቲኑን ፈጭቶ ፕሮቲን ወደሚሠራበት አሚኖ አሲድና ወደ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ይለውጠዋል። ከዚያ የት እንደሚውል የሚወስነው ሰውነት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት 8 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ጄላቲን ከቫይታሚን ሲ ጋር ከጠጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለ6 ደቂቃ ገመድ እንዲዘሉ አደረገ። 15 ግራም በወሰዱ ጊዜ ሰውነት ኮላጅን እየሠራ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ደማቸው ውስጥ በእጥፍ ጨመረ። ደስ ይላል። ግን ወጣቶች ናቸው፣ 8 ብቻ ናቸው፣ የተለካውም ሕመም አይደለም። የእማዬ ጉልበት ሌላ ታሪክ ነው። "በወሩ ትሮጣለች" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ስለ ቫይታሚን ሲ ግን አንድ የታወቀ ነገር አለ፦ ያለ ቫይታሚን ሲ ሰውነት ኮላጅን በአግባቡ መሥራት አይችልም። ለዚህ ደግሞ ክኒን ፍለጋ አያስፈልግም። ዘይቱን ከብርቱካን ይበልጣል፤ ጥሬ ቃሪያም አለ። መረቁ ውስጥ ጨምራችሁ አትቀቅሉት፤ ሙቀት ቫይታሚኑን ያጠፋዋል። ለብቻው ብሉት።

መረቅ ጠጥቻለሁ ብሎ ምሳ መዝለል

ጄላቲን ፕሮቲን ቢሆንም ጎደሎ ነው። ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ የለውም። ይህን ፈረንሳዮች በችግር ነው የተማሩት። ድሆችን በአጥንት ጄላቲን ሾርባ ለመመገብ ሲሞክሩ ቆይተው፣ በሐኪሙ በፍራንስዋ ማዠንዲ የሚመራው ኮሚሽን በ1841 እ.ኤ.አ. ጄላቲን ብቻውን ሕይወት እንደማያቆይ ገለጸ። ስለዚህ ሽሮው፣ ምስሩ፣ እንቁላሉ ይቀጥል። መረቁ ተጨማሪ ነው።

ከምን እንደተሠራ አለመጠየቅ

የፓኬት ጄላቲን ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ሊሆን ይችላል። ጅማ ውስጥ ይሄ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ለሙስሊም ጎረቤት ከማቅረባችሁ በፊት የሐላል ምልክቱን ፈልጉ። የጾም ቀን ደግሞ የትኛውም ጄላቲን አይሆንም፤ ከእንስሳ ነው። አጋር የሚባለው ከባሕር ተክል ስለሚሠራ ይጾማል፤ ያረጋል እንጂ ፕሮቲን ግን አይሰጥም።

ጠጥቶ መቀመጥ

የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስንንቀሳቀስ እንደ ስፖንጅ ይጨመቅና መልሶ ይመጣል። ስለዚህ መራመድ ያስፈልጋል፤ በሜዳ ላይ። የጅሬንን ዳገት ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ቁልቁለቱ በተለይ ጉልበትን ያስጨንቃል። ክብደትም አለ። የጉልበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል።

ሁሉንም "ሪህ" ብሎ ቤት ማከም

እኛ ጋ የሚቆረጥም ነገር ሁሉ ሪህ ነው። ሐኪም ግን ይለያቸዋል። ልስልስ አጥንቱ ያለቀ ሰው አለ። ዩሪክ አሲድ የበዛበት አለ፤ እሱ የሥጋ መረቅ ሲያዘወትር ሊብስበት ይችላል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቀው የሚቆዩበት አለ፤ ለእሱ ሌላ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ይጠይቅ። መገጣጠሚያው በድንገት ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ ትኩሳት ከመጣ ግን ድስት አትጣዱ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

እማዬን የወሰድናት ከብዙ ወር በኋላ ነው። መራመድና ጭኗን የሚያጠነክር ቀላል ስፖርት ታዘዘላት፤ ዝቅ ያለ መቀመጫም ተከለከለች። አሁን ቡና የምታፈላው ወንበር ላይ ሆና ነው። ረከቦቱም ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል። መረቁን ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠጣለች፤ ስለሚጣፍጣት። በርጩማው ለእኔ ደረሰኝ። ትናንት ስነሳ እጄን ጉልበቴ ላይ አገኘሁት።