በቤት ውስጥ መም ረጅም ስትሮጡ ዙር እንዳይጠፋችሁ

ብርዱና በረዶው ከጎዳና ሲያስወጣችሁ ባለ 200 ሜትሩ የቤት ውስጥ መም ጥሩ መሸሸጊያ ነው። ችግሩ ቆጠራው ነው። ግማሽ ማራቶን እዚያ 105 ዙር ተኩል ይሆናል፣ ማራቶን ደግሞ 211 ገደማ። ሰዓታችሁም ብዙ አይረዳም፤ ጣሪያ ስር የጂፒኤስ ምልክት ስለሚዳከም ርቀቱን ያዛባል።

ዘዴው ይኸውላችሁ። ለግማሽ ማራቶን አስር የፀጉር ላስቲክ ግራ እጃችሁ ላይ አድርጉ፣ ላላ ያሉትን። አስር ዙር በሞላ ቁጥር አንዱን ወደ ቀኝ አዛውሩ። አንድ ላስቲክ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ግራ እጃችሁ ባዶ ሲሆን 20 ኪሎ ሜትር ሮጣችኋል፣ የቀረው አምስት ዙር ተኩል ብቻ ነው።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። የደከመ አእምሮ 67 ይሁን 68 ይምታታበታል፣ እስከ አስር መቁጠር ግን አያቅተውም። ቢሳሳት እንኳ ስህተቱ ከአንድ ሁለት ዙር አያልፍም። እኔ ላስቲክ ባዛወርኩ ቁጥር ውሃም እጎነጫለሁ። ውስጥ ነፋስ ስለሌለ ላብ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነት ይግላል።

ይህ የሚሆነው በውስጠኛው መስመር ስትሮጡ ነው። ወደ ውጭ አንድ መስመር በወጣችሁ ቁጥር ዙሩ በ6 ሜትር ገደማ ይረዝማል። አንዳንድ ጂም ውስጥ ያለው መም ደግሞ ከ200 ሜትር ያጥራል፤ ከመጀመራችሁ በፊት ርዝመቱን ጠይቁ። ቦታው ከፈቀደ አቅጣጫም ቀያይሩ። ሁልጊዜ ወደ ግራ ብቻ መታጠፍ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይበረታል።